«ልጅ ይረሳል»

ሰቆጣ ነው፤ ቡናው ሁለተኛው ደርሷል። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ከጦር ሜዳ የተላከለትን ቪዲዮ ከፈተ፤ ድምፁን እንኳ አልቀነሰም። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የስድስት ዓመቷ የቤቱ ልጅ አገጯን እናቷ ትከሻ ላይ አሳርፋ ታያለች። «ኧረ ልጅቷ!» ብል፣ «ተዋት፤ ልጅ ምን ይገባዋል? አሁን ትረሳዋለች» አሉኝ።

እውነትም ትንሽ ቆይታ ወጣችና ሰኞ ማክሰኞ መዝለል ጀመረች። ሰው ይህን አይቶ ቢያምን አይፈረድበትም፤ ልጅ እንደ አዋቂ ቁጭ ብሎ አይተክዝም። ያየው የሚወጣው በሌላ በር ነው። ሌሊት ይባንናል፣ የተወውን አልጋ ላይ መሽናት እንደገና ይጀምራል፣ ሆዴን ይላል፣ የእናቱን ቀሚስ አልለቅም ይላል። እኛም ዓይነ ጥላ ነው ብለን ጸበል እንወስደዋለን። ጸበሉ ይሁን፤ ስልኩስ?

እኛ አንድን ቪዲዮ አሥር ጊዜ ብናየው ነገሩ አንድ ጊዜ እንደሆነ እናውቃለን። ለትንሽ ልጅ ግን በታየ ቁጥር ገና አሁን እየሆነ ያለ ሊመስለው ይችላል። ያቺው ልጅ ማታ «እነዚያ ሰዎች ነገ እኛ ጋ ይመጣሉ?» ብላ እናቷን ጠይቃለች። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነት ለገባባት ከተማ ይህ የሞኝ ጥያቄ አይደለም።

አዋቂውም ቢሆን አይድንም። እ.ኤ.አ. በ2013 በቦስተን ማራቶን ላይ ቦምብ ከፈነዳ በኋላ በተደረገ ጥናት፣ በዚያ ሳምንት በቀን ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ዜናውን የተከታተሉ ሰዎች በቦታው ከነበሩት ይልቅ የከፋ የጭንቀት ምልክት አሳይተዋል።

ከአበርገሌና ከጻግብጅ ተፈናቅሎ የመጣ ልጅ ሲባንን፣ ያስባነነው በዓይኑ ያየው ይሁን በስልክ ያየው፣ እኔ መለየት አልችልም። ግን ሸሽቶት የመጣውን ነገር ሳሎን ድረስ ማምጣት ምን ይሉታል? «ወንድ ነው፤ ይልመድ» የሚሉትንማ ትዕግሥቱ የለኝም። ደም ማየት የለመደ ልጅ ሁሉ ጀግና አይሆንም፤ ማዘን የተወም አለ።

የቪዲዮ ቤት ፊልምና ጌም ነፍሰ ገዳይ ያደርጋል የሚባለው ግን ተጋኗል። አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1961 ያጠናቸው ሕፃናት አዋቂ አሻንጉሊት ሲደበድብ አይተው እነሱም ደብድበዋል፤ ልጅ ያየውን ይቀዳል። ግን አሻንጉሊት ነው። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2020 የጠብ ጌሞች ከቁጡነት ጋር አነስተኛ ግንኙነት እንዳላቸው ገልጾ፣ ለከባድ ወንጀል ምክንያት ናቸው ለማለት ግን በቂ ማስረጃ የለም ብሏል።

በዱላ ጠመንጃ ሠርቶ «ተኩስ!» የሚል ልጅም ጨካኝ ነው ማለት አይደለም። ከመቆጣት በፊት ጨዋታው ምን እንደሆነ መጠየቅ ነው። እኔ የጠየቅኋቸው ሦስት ልጆች ጠላት መሆን የሚፈልግ ስለጠፋ ተራ ገብተው ነበር።