የመስኖ ፓምፕ ሞተርን በኮንታክተር ስለ ማስነሣትና ስለ ማቆም

መግቢያ

ወደ ጊደር መጋላና ወደ ሌሎቹ የሐረር ገበያዎች ከሚቀርበው ድንችና ሽንኩርት ከፊሉ በፓምፕ ውሃ የሚለማ ነው። የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ከደረቀ በኋላ፣ ውሃው ኋላ ቢመለስም፣ ብዙ ገበሬ ፊቱን ወደ ጉድጓድ አዙሯል። መብራት በደረሰበት ቀበሌ የኤሌክትሪክ ሞተር የሚጠቀሙ ማኅበራት ስላሉ የልማት ሠራተኛው የሚከተለውን ሊያስረዳቸው ይገባል።

አደጋው

ሞተር በእጅ በሚጣል ተራ ማብሪያ ብቻ ሲሠራ ሁለት አደጋ አለ። አንደኛ፣ 7.5 ኪሎዋት የሆነ ባለ 380 ቮልት ሞተር በሥራ ላይ 15 አምፔር ያህል ቢወስድም፣ ሲነሣ ከ5 እስከ 7 እጥፍ ይስባል። ማብሪያው ብልጭታ ይፈጥራል፤ እጅም ሊያቃጥል ይችላል።

ሁለተኛው የከፋ ነው። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል። ገበሬው ቀበቶውን ለማጥበቅ እጁን ያስገባል፤ ማብሪያው ግን እንደ በራ ነው። መብራቱ ሲመለስ ሞተሩ ማንም ሳይነካው ይነሣል።

ኮንታክተር እንዴት ይሠራል?

ኮንታክተር በማግኔት የሚሠራ ማብሪያ ነው። አረንጓዴው መጫኛ ሲጫን ከ1 አምፔር ያነሰ ኮረንቲ ወደ መጠምጠሚያው ይሄዳል። መጠምጠሚያው ማግኔት ሆኖ የሦስቱን ፌዝ መገናኛዎች ባንድ ጊዜ ያገጥማል። ጣት ከተነሣ በኋላ መጠምጠሚያውን የሚይዘው አንድ ረዳት መገናኛ ነው። መብራት ሲጠፋ ወይም ቀዩ መጫኛ ሲጫን ሁሉም ይለያያል። መብራቱ ቢመለስም አረንጓዴው እንደገና ካልተጫነ ሞተሩ አይነሣም።

ከኮንታክተሩ ሥር የሚታሰረው ኦቨርሎድ ሪሌይ ደግሞ ፓምፑ ሲታነቅ ወይም አንድ ፌዝ ሲጎድል ከመጠን ባለፈው ኮረንቲ ሞቆ የመጠምጠሚያውን መስመር ይቆርጣል። ሞተሩም ከመቃጠል ይድናል።

መደረግ ያለበት

1. ኮንታክተሩ ለሞተር ማስነሻ የተሠራና አቅሙ በሞተሩ ሰሌዳ ላይ ከተጻፈው አምፔር የማያንስ ይሁን።
2. ኦቨርሎድ ሪሌይ በሰሌዳው አምፔር ይስተካከል። ደጋግሞ ቢቆርጥ ምክንያቱ ይፈለግ እንጂ ልኩ ከፍ አይደረግ።
3. የተቃጠለ ፊውዝ በተራ ሽቦ አይተካ። የሞተሩ አካል ከመሬት ሽቦ ጋር ይታሰር።
4. ተንሳፋፊ ማብሪያ የተገጠመለት ፓምፕ ውሃው ከፍና ዝቅ ሲል በራሱ ይነሣል። በዚህ ጊዜ ከላይ የተባለው መከላከያ አይሠራምና ማስጠንቀቂያ ይለጠፍበት።
5. ቀዩ መጫኛ ሞተሩን ያቆማል እንጂ ከሳጥኑ ውስጥ ኮረንቲውን አያስወጣም። ስለዚህ ፓምፑን ከመንካት በፊት ዋናው ማብሪያ ይጥፋ፤ በጓጉንቸር ይቆለፍ፤ መክፈቻውም በሚሠራው ሰው ኪስ ይሁን።

ማጠቃለያ

ማኅበሩ ፓምፕ ሲገዛ የማስነሻ ሳጥኑን አብሮ ይግዛ። ሳጥኑን የሚገጥመው የሙያ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ብቻ ነው። ሥራውን ሲረከቡ የማኅበሩ አባላት ፊት ሞተሩ ይነሣ፤ ዋናው ማብሪያ ይጥፋና መልሶ ይብራ። ሞተሩ በራሱ ከተነሣ ሥራው አላለቀምና አይረከቡ።