ያልተጠየቀውን የሚናገር ስላይድ

ሐዋሳ ውስጥ ትኩሳት ይዞት ላብራቶሪ የሚመጣ ሰው ግምቱን ይዞ ነው የሚመጣው፤ «ወባ ወይ ታይፎይድ ነው፣ እየው እስቲ»። ሐይቅ ዳር የሚኖር ሰው ወባን ቢጠረጥር አይፈረድበትም። እኔን የሚያስደስተኝ ግን ሁለቱንም ትቶ ሦስተኛውን የሚያሳየኝ ስላይድ ነው።

ሦስተኛው ግርሻ ነው፤ አምጪው ቦሬሊያ የሚባል ባክቴሪያ። ታንዛኒያ ውስጥ የዚህን ባክቴሪያ ዘመድ መዥገር ያስተላልፈዋል፤ የእኛውን የልብስ ቅማል። ቅማሏ ስትነክስ ሳይሆን ስትጨፈለቅ ነው ጉዱ፤ ፈሳሿ በታከከ ቆዳ ይገባል። ስለዚህ በጥፍር መፍጨቱ ይቅር፣ ልብሱ ይቀቀል።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ ጠብታ ደም ስላይድ ላይ ተቀብቶ ይደርቃል፣ በጊምሳ ቀለም ይነከራል፣ ዘይት ጠብ ተደርጎበት በ1000 እጥፍ ይታያል።

ከዚያ በኋላ ነው ደስታው። በቀይ የደም ሕዋሳት መሀል፣ እንደ ከረረ ፈትል የተጠማዘዘ ሐምራዊ ክር! ሕዋሱ 7 ማይክሮሜትር ገደማ ቢሆን፣ ክሩ ብዙ ጊዜ ከዚያ እጥፍ ይበልጣል። ኦቶ ኦበርማየር በርሊን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1868 አይቶት በ1873 አሳተመው። ዛሬም የምናየው ያንኑ ነው፤ ዱካውን ሳይሆን ራሱን።

«ኪት እያለ ስላይድ ምን ያደርጋል?» የሚሉኝ አሉ። የወባ ኪት ፈጣንና ታማኝ ነው። ግን ጨው ግዛ ተብሎ እንደተላከ ልጅ ነው፤ «ጨው የለም» ብሎ ይመለሳል እንጂ የጎረቤት ቤት ሲቃጠል ማየቱን አይነግራችሁም። አንድ ከሰዓት፣ ከብዙ ጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ የሚያድር የቀን ሠራተኛ መጣ። ኪቱ ነጻ አለው። እኔ በልማድ ስላይድ ሠራሁ፤ መስኩ ሁሉ ክር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ከአፍሪካ ቀንድ አውሮፓ የደረሱ ስደተኞች ላይም ይኸው በሽታ ተገኝቶ፣ የረሱት የአውሮፓ ሐኪሞች እንደገና ሊያውቁት ግድ ሆነባቸው።

ስላይዱም ዐመል አለው። ትኩሳቱ ሲበርድ ክሮቹ ከደም ይሰወራሉ። ባክቴሪያው የላይ ገጽታውን ቀይሮ ከሳምንት ገደማ በኋላ ይመለሳል፤ ግርሻ መባሉም ለዚሁ ነው። እናንተ ግን «ትንሽ ሲሻለኝ እሄዳለሁ» ትላላችሁ፤ ይባስ ብሎም ከጎረቤት የተረፈ ካፕሱል ውጣችሁ ትመጣላችሁ። ከዚያ ባዶ ስላይድ ላይ አፍጥጬ ስውል ወቀሳው ለእኔ!

እባካችሁ፣ ላብ ሳያሰምጣችሁ፣ መድኃኒት ሳትቀምሱ፣ እየተንቀጠቀጣችሁ ኑ።