በርሊን ገብቶ ኪስ ሲደርቅ

«11,904 ዩሮ ይዤ ቸገረኝ ብል ማን ያምነኛል?» ይላል በርሊን የሚማር አንድ ወጣት። ገንዘቡ የእናቱ ዕቁብና የዘመድ ብድር ነው። ታዲያ ምን ነካው? ለተማሪ ቪዛ እ.ኤ.አ. በ2024 የተወሰነው ይህ የዓመት መተዳደሪያ በዝግ ሒሳብ ይቀመጥና በየወሩ የሚለቀቀው 992 ዩሮ ብቻ ነው። አከራይ ደግሞ የማሞቂያው ሳይጨመር እስከ ሦስት ወር ኪራይ መያዣ መጠየቅ ይችላል። ልጁ ቤት አጥቶ ጓደኛው ሶፋ ላይ ከረመ፤ እናቱን «ድገሚኝ» ማለት አፈረ።

እናንተስ? ለመጀመሪያው ወር ለብቻው ቋጥሩ። መያዣውን በሦስት ወር እኩል ከፋፍሎ መክፈል የተከራይ መብት መሆኑንም ዕወቁ። በየወሩ መጀመሪያ ኪራይና የጤና መድን አንሱ፤ ጃኬትና ጭፈራ ከተረፈው ነው። የእማዬ ዕቁብ ሁለቴ አይወጣም!