ከቀዶ ሕክምና በኋላ ቀስ በቀስ ስለ መራመድ

ከባድ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ከሆስፒታል ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ዘመድ ወዳጁ ሁሉ አልጋውን ከብቦ «አይዞህ፤ ተኛ፤ ከቦታህ እንዳትነቃነቅ» እያለ ይመክረዋል። ውሃውም ምግቡም ከተኛበት ይቀርብለታል። ይህ ሁሉ ከፍቅር የመጣ መሆኑን እናውቃለን፤ ነገር ግን ፍቅር ዕውቀት ሲጐድለው በሽተኛውን የሚጐዳበት ጊዜ አለና ስለዚሁ ጥቂት ለማስረዳት እንወዳለን።

ቀድሞ ሐኪሞችም ራሳቸው እንዲሁ ያስቡ ነበር። ሆዱ የተከፈተ ሰው ቁስሉ እንዳይፈታ እየተባለ ብዙ ቀን ከአልጋ እንዳይወርድ ይታዘዝ ነበር። በ1899 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ኤሚል ሪስ፣ በሽተኞችን ቶሎ ከአልጋ ማስነሣት እንደሚጠቅም ጽፈው ገለጡ። ቢሆንም አሳቡ በሰፊው የተስፋፋው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነው። ዛሬ ግን የሚከለክል ምክንያት ከሌለ፣ በሽተኛው በዚያው ዕለት ወይም በማግሥቱ እንዲነሣ ማድረግ የተለመደ ሥርዓት ሆኗል።

ምክንያቱም ይህ ነው። የባት ጡንቻ በተራመድን ቍጥር እየተጨመቀ ደምን ወደ ልብ ይገፋል። ሰው ሳይንቀሳቀስ ሲተኛ ግን ደሙ በእግር ሥሮች ውስጥ ይዘገይና ሊረጋ ይችላል፤ የረጋውም ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ቢሄድ በድንገት ሊገድል ይችላል። እንዲሁም ዘወትር የተኛ ሰው በጥልቅ ስለማይተነፍስ አክታ በሳንባው ይጠራቀምና ለሳንባ ምች ይጋለጣል። ጡንቻውም በጥቂት ቀን ውስጥ ይደክማል።

አጀማመሩም እንደሚከተለው ነው። በሽተኛው ገና በአልጋ ላይ ሳለ ቁርጭምጭሚቱን ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅስ፤ በጥልቅም ይተንፍስ። ሆዱ የተቀደደ እንደ ሆነ፣ ሲያስለው ትራስ በቁስሉ ላይ ደግፎ ይያዝ። ሲነሣም በአንድ ጊዜ ቀጥ አይበል፤ ወደ ጐኑ ይዙር፣ እግሮቹን ከአልጋው ያውርድ፣ በክንዱ ተደግፎ ጥቂት ይቀመጥ። ራሱን ካላዞረው ሰው ይዞት ይቁም፤ ከዚያም እስከ በሩ ተራምዶ ይመለስ። አንድ ጊዜ ብዙ ከመሄድ ይልቅ በቀን ውስጥ ደጋግሞ ጥቂት ጥቂት መሄድ ይሻላል።

ከቤቱ ሲገባ በግቢው ውስጥ በደልዳላ መሬት ላይ ለጥቂት ደቂቃ ይራመድ፤ ቀን በቀንም ትንሽ ይጨምር። መለኪያው ቀላል ነው፤ እየተራመደ ሳያለከልክ መነጋገር ከቻለ መጠኑ ደኅና ነው። በማግሥቱ ሕመሙ ወይም ድካሙ ቢብስበት ወደ ቀድሞው መጠን ይመለስ። የሚጐተት ጋቢ እንዳያደናቅፈው፣ ዝቅ ያለ ዱካም ለመነሣት እንዳያስጨንቀው ይጠንቀቅ። ሐኪሙ ሳይፈቅድ እንሥራም ሆነ ሌላ ከባድ ነገር አያንሣ።

በአንጻሩ ደግሞ «ድኛለሁ» ብሎ ፈጥኖ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድ መምህር አይጠፋም። በሰሌዳ ፊት ግማሽ ቀን ቆሞ መዋል ግን ለጥቂት ደቂቃ ከመራመድ ጋር አንድ አይደለም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለዚህም ይሠራል። አጥንቱን፣ ጀርባውን ወይም ልቡን የታከመ ሰው ግን ሐኪሙ ለእርሱ የሰጠውን ትእዛዝ ይከተል።

አንደኛው ባት ቢያብጥና ቢያም፣ ትንፋሽ በድንገት ቢያጥር፣ ደረት ቢወጋ፣ ትኵሳት ቢነሣ፣ ቁስሉ ቢከፈት ወይም መግል ቢይዝ፣ ሆድ ተነፍቶ ማስመለስ ቢመጣ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል። ያበጠውን ባት ወጌሻም ሆነ ሌላ ሰው ፈጽሞ አይሸው፤ የረጋው ደም ሊነቀል ይችላልና።

እንግዲህ አንባቢዎቻችን በሽተኛ ለመጠየቅ ስትሄዱ፣ ሐኪሙ ፈቅዶለት እንደ ሆነ «ተኛ» ማለቱን ትታችሁ ክንዳችሁን ስጡትና እስከ በሩ አብራችሁት ተራመዱ።