እሳቱን ሳናጠፋ አንተኛ



በአምበር፣ በቢቸናና በሞጣ የክረምቱ ብርድ ሲበረታ፣ ቡና የተፈላበትን የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ክፍል አስገብተን በርና መስኮት እንዘጋለን። ልጆቻችን እንዲሞቃቸው ብለን የምናደርገው ይህ ነገር ነፍስ ያጠፋል።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ክፍል፣ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይይዘዋል። የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። ጭሱ ጠፍቶ ፍሙ ሲቀላ "አሁን ምንም አይልም" እንላለን፤ ጋዙ ግን ያን ጊዜም ይወጣል። ዕጣን ማጨስም አያስወግደውም።

ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ቤተሰቡን በአንድ ጊዜ ከያዘ፣ በሩን ከፍተን ሁሉንም ወደ ውጭ እናውጣ፤ ፈጥነንም ጤና ጣቢያ እናድርሳቸው።

ያረጁ ዕቃዎችንም እንፈትሽ። የላምባ ምድጃ እየነደደ ላምባ አይጨመርበትም፤ የሚያፈስ ከሆነም አይለኮስም። ሽቦው የተላጠ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሳይጠገን አይሰካ።

ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ በመዲና አንድ ቤት ሌሊት ከነሰዎቹ በተቃጠለ ጊዜ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) እሳት ጠላታችን መሆኑን ነግረው፣ ስንተኛ እንድናጠፋው አዘዋል። ነፍስን መጠበቅም ከሸሪዓችን ዓላማዎች አንዱ ነው። ስለዚህ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ፍሙን አጥፍተን፣ ምድጃውን ከደጅ አስቀምጠን፣ ብርዱን በጋቢና በብርድ ልብስ እንከላከል።

አላህ ቤቶቻችንን ይጠብቅልን፤ ኣሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም።