የሰማይን መልክ በፎቶግራፍ ስለ ማንሳት

በክረምት መውጫ፥ ዝናቡ ካባራ በኋላ፥ በስተ ምዕራብ ያለው ደመና ከሥሩ እንደ ፍም ሲቀላ አይታችሁ ካሜራችሁን ወይም የእጅ ስልካችሁን ይዛችሁ ወደ ደጅ ያልወጣችሁ ጥቂቶች ናችሁ ብዬ እገምታለሁ። ምስሉን በኋላ ስትመለከቱት ግን ያ ሁሉ ፍም የለም፤ ሰማዩ እንደ ታጠበ ነጠላ ነጥቶ፥ የጎረቤት የቆርቆሮ ጣራ ብቻ ጎልቶ ይታያል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሚያማርረው መሣሪያውን ነው። በእኔ አስተያየት ግን መሣሪያው የታዘዘውን ፈጽሟል።

ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፥ ምክንያቱን ከመነሻው እንመልከት። የሰው ዓይን ብሩህ ሰማይንና ጥላ ያረፈበትን መሬት ለይቶ ለማየት አይቸገርም፤ ወደ ሰማይ ሲያይ ብሌኑ ይጠባል፥ ወደ መሬት ሲመለስ ይሰፋል፥ አእምሮም ሁለቱን አስማምቶ ያቀርብለታል። ካሜራ ግን ለአንድ ምስል የሚመድበው የብርሃን መጠን አንድ ነው። ከፊቱ ያለውን ብርሃንና ጨለማ ደምሮ አማካዩን ይወስዳል። የጨለመው መሬት ሰፊውን ስፍራ ይዞ እንደ ሆነ፥ ለመሬቱ ሲል ብርሃን ያበዛል፤ ሰማዩም በዚያ ብርሃን ተጥለቅልቆ ይጠፋል።

ይህ ችግር ከፎቶግራፍ ጥበብ ጋር አብሮ ያደገ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ይሠራበት የነበረው የመስተዋት ሰሌዳ ለሰማያዊ ብርሃን ከሌላው ቀለም ይልቅ ስለሚነቃ፥ ለመሬት ወይም ለባሕር የሚበቃ ጊዜ ሲሰጠው ሰማዩ ባዶ ነጭ ሆኖ ይወጣ ነበር። ጉስታቭ ለ ግሬ የተባለው ፈረንሳዊ ባሕሩን በአንድ ሰሌዳ፥ ደመናውን በሌላ ሰሌዳ አንስቶ፥ ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ እያገናኘ በማተም መላ አገኘለት፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1857 ዓ.ም. በሴት ወደብ ያነሳው የማዕበል ሥዕል በዚህ መንገድ የተሠራ ነው። የዛሬዎቹ ስልኮች ብዙ ምስል አከታትለው አንስተው በቅጽበት ሲያዋህዱ የሚያደርጉት ከዚህ አሳብ ብዙ አይርቅም። ይሁን እንጂ ማዋሃዱ አንዳንድ ጊዜ መሬቱን እኩለ ቀን ያስመስለዋልና፥ እኔ በበኩሌ አልወደውም።

እንግዲህ መድኃኒቱ ምንድር ነው? ብርሃኑን ለሰማዩ መለካት ነው። በስልክ የሚያነሳ ሰው ከፀሐይዋ አጠገብ ያለውን ብሩህ ደመና በጣቱ ነክቶ፥ የብርሃኑን መጠን ዝቅ ያድርግ። በካሜራ የሚያነሳ፥ መሣሪያው ከመረጠው ብርሃን ግማሹን ወይም ሩቡን ይስጠው። መሬቱ ይጠቁራል፤ ይጥቆር። በዲጂታል ምስል የጠቆረውን በኋላ ጥቂት ማብራት ይቻላል፥ ነጥቶ የጠፋውን ግን የሚመልሰው የለም። በፊልም የሚያነሱ ወዳጆቻችን ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆኑን ያውቃሉ። መሬቱ ከጠቆረ ደግሞ የሚታየው ቅርጹ ብቻ ነውና፥ ቅርጹ የሚያምረውን መምረጥ ይገባል፤ የዋርካ ቅርንጫፍ፥ የጎጆ ጉልላት፥ ከብት የሚነዳ ልጅ። ሰማይ ብቻውን ሲነሳ ስፋቱ አይታወቅም።

በጥቁርና ነጭ ለሚሠሩ ደግሞ ባለ ቀለም ማጣሪያ ትልቅ ረዳት ነው። አሜሪካዊው አንሰል አዳምስ በ1927 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በዮሰሚቲ ሸለቆ የሃፍ ዶምን ዓለት ሲያነሳ፥ ቢጫ ማጣሪያ ሰማዩን እንዳሰበው እንደማያከብድለት ተገንዝቦ፥ በቀረችው አንዲት ሰሌዳ ላይ ደማቅ ቀይ ማጣሪያ ገጠመ። ቀዩ ሰማያዊውን ብርሃን ስለ ከለከለ ሰማዩ ወደ ጥቁርነት ተጠጋ።

ሰማይ ለምን እንደሚቀላ ማወቅ መቼ መጠበቅ እንደሚገባ ያስተምራል። ፀሐይ ወደ አድማስ ስትወርድ ብርሃኗ ረዥም የአየር መንገድ ያቋርጣል፤ በዚያ መንገድ ሰማያዊው ብርሃን ተበትኖ ይቀርና ቀዩ ይደርሰናል። ቀዩን የሚቀበል ደመና ከሌለ ግን ማዕዱ ባዶ ነው። ፈጽሞ የጠራ ሰማይ ለመንገደኛ መልካም፥ ለፎቶግራፍ አንሺ ድኻ ነው። የሚፈለገው ከፍ ያለ ደመናና በስተ ምዕራብ የተከፈተ ቀዳዳ ነው፤ ዝናብ አቧራውን አጥቦት እንደ ሆነ ቀለሙ ይበልጥ ይጠራል። በደጋው አገራችን ይህ የሚገጥመው በበልግና በመስከረም ዝናብ ዳርቻ ነው። ጠዋት የሞቀው መሬት አየሩን ወደ ላይ ይሰዳል፥ ከሰዓት በኋላ ደመናው ይቆለላል፤ የነጐድጓድ ደመና ራሱ ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ ሊወጣ ስለሚችል፥ እኛ ዘንድ ፀሐይ ከገባች በኋላም ጫፉ ሲበራ ይቆያል።

ጊዜው ግን አጭር ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለ ሆነች፥ ፀሐይዋ በቁሟ ትወርዳለች ማለት ይቻላል፤ ከገባች በኋላ መልካሙ ብርሃን ሃያ ደቂቃ ያህል ቢቆይ ነው። ስለዚህ ስፍራን አስቀድሞ መርጦ መቆየት ያሻል። ብዙ ሰው ፀሐይ ገባች ብሎ ዕቃውን ሲሰበስብ፥ ዋናው ቅላት ገና መምጣቱ ነው። በዚያች ሰዓት ፊትን ወደ ምሥራቅ ማዞርም አይከፋም፤ ከአድማስ በላይ የምትታየው ግራጫ መቀነት የምድር የራሷ ጥላ ናት፥ በላይዋም ጽጌረዳ መሳይ ቀለም ይዘረጋል። ፀሐይዋን ግን በካሜራው መመልከቻ መስተዋት ውስጥ በቀጥታ አትዩአት፤ ዓይን ታጠፋለች።

ስለ መብረቅ ሳልናገር ባልፍ ይጸጽተኛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በግንቦት ወር፥ በእንጦጦ ተዳፋት ላይ ባለ ሦስት እግር የብረት ማቆሚያዬን ተክዬ የሚመጣውን ደመና እጠብቅ ነበር። አንድ እረኛ ልጅ ከብቶቹን እያጣደፈ ሲያልፍ፥ «ጋሼ፥ ይውረዱ እንጂ! አይሰሙትም እንዴ?» አለኝ። «አንዲት ብቻ ላንሳና» አልሁት። ልጁ ቆሞ አልለመነኝም፤ ወረደ። ብዙም ሳይቆይ ሁለት መቶ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ከበላዬ የቆመውን ባሕር ዛፍ መብረቅ መታው፤ ቅርፊቱ ከላይ እስከ ታች ተላጠ። ካሜራዬን ጥዬ ስሮጥ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። ምስሉም አልወጣም።

ከብልጭታው እስከ ነጐድጓዱ ሦስት ሰኮንድ ከቆጠራችሁ መብረቁ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ነገር ግን ነጐድጓድ የሚሰማ ከሆነ፥ ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን፥ መብረቁ ሊደርስባችሁ ይችላል። በገላጣ ኮረብታ ላይ ወይም ከዛፍ ሥር መቆም አይገባም። የብረት ጣራ ያለው መኪና መስኮቱ ተዘግቶ መልካም መጠለያ ነው፤ ከዚያው ውስጥ ካሜራውን አደላድሎ፥ ማታ ከሆነ ዓይኑን ዐሥር ሰኮንድ ያህል ከፍቶ ቢጠብቁ፥ ብልጭታው ራሱ መጥቶ ይመዘገባል። ከመጨረሻው ነጐድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ውጭ አትውጡ፤ ደመናው አልፎ ምዕራቡ የሚከፈተውም አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ሰዓት ነው።