ባለ ረጅም ጅራቷ ጀልባ

ታይላንድ ውስጥ ቤተ መቅደሱንም ደሴቱንም ለማየት የሚሄድ ሰው አንድ ቀን መሳፈሩ የማይቀርባት ጀልባ፣ ለጀልባ ታስቦ ባልተሠራ ሞተር ነው የምትሄደው። ብዙ ጊዜ ካገለገለ መኪና፣ ትልልቆቹ ላይ ደግሞ ከጭነት መኪና ተፈትቶ የወጣ ሞተር ነው፤ ያለ ምንም ክዳን፣ ጠባብና ረጅም በሆነች የእንጨት ጀልባ ኋላ ላይ በብረት ምሰሶ ተሰክቶ ይጮኻል። ከሱ ወደ ኋላ በርካታ ሜትር የሚረዝም ዘንግ ይወጣል፤ የዘንጉ ጫፍ ላይ ፕሮፔለር አለ። የአገሩ ሰው «ሩዋ ሃንግ ያው»፣ ባለ ረጅም ጅራት ጀልባ ይላታል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ምሰሶው ላይ ያለው ሞተር ግራና ቀኝ ይዞራል፤ ላይና ታችም ይላል። ነጂው መሪ አይዞርም፤ እጀታውን ይዞ ሞተሩን ከነዘንጉ ያዞረዋል፣ ትልቅ ድስት በረጅም ማማሰያ እንደሚያማስል ሰው። ፕሮፔለሩ ውኃውን በገፋበት አንጻር ጀልባዋ ትታጠፋለች። ብዙዎቹ ካምቢዮ የላቸውም፤ ዘንጉ ከሞተሩ ጋር በቀጥታ ስለተያያዘ ሞተሩ እስከሠራ ድረስ ፕሮፔለሩ አያርፍም። ታዲያ ጀልባዋ እንዴት ትቆማለች? ነጂው እጀታውን ወደ ታች ሲጫነው ጅራቷ ከውኃው ብድግ ትላለች፤ ግፊቱም ይቋረጣል።

ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። ዘንጉ ተጋድሞ ስለሚሄድ ፕሮፔለሩ ከውኃው ገጽ ብዙም አይርቅም። ጥልቀት የሌለው ቦይ፣ አረም የበዛበት ውኃ፣ ወደብ የሌለው አሸዋማ ዳርቻ አያስቸግራትም። ሞተሩ ቢበላሽ ደግሞ የመኪና መካኒክ ይጠግነዋል። ለባሕር ተብሎ የተሠራ ውድ ሞተር ቢሆን ኖሮ ጥገናው እንዲህ ባልቀለለ ነበር።

ባንኮክ በ1782 እ.ኤ.አ. ዋና ከተማ ስትሆን መንገዷ ውኃ ነበር። ብዙዎቹ ቦዮች ኋላ ላይ ተደፍነው አስፋልት ሆነዋል፤ ከቻዎ ፍራያ ወንዝ ማዶ በቶንቡሪ በኩል ግን ዛሬም አሉ፤ በእንጨት ቋሚ ላይ የተሠሩ ቤቶችና ደረጃቸው ውኃ የሚነካ ቤተ መቅደሶች በግራና በቀኝ ያልፋሉ። ግንቡ በቻይና ሸክላ ስብርባሪ ያጌጠው ዋት አሩን ከወንዙ ላይ ሆነው ሲያዩት ነው ይበልጥ የሚያምረው። ከአገራችን ብዙ ሰው ለሕክምና ወይም ዕቃ ለመግዛት ባንኮክ ይሄዳል፤ ግማሽ ቀን ከተረፈው ከገበያ አዳራሹ ይልቅ ቦዩን ቢመርጥ አይቆጭም።

ወደ ደቡብ፣ አንዳማን ባሕር ላይ፣ ጀልባዋ የግድ ናት። ክራቢ አጠገብ ያለው የራይሌይ ባሕር ዳርቻ ደሴት ሳይሆን የየብሱ አካል ነው፤ ነገር ግን ገደል ስለከበበው የመኪና መንገድ አይገባበትም። ጀልባዋ ስትሞላ ትነሳለች፤ ሲደርሱ ሱሪ ሰብስቦ ውኃ ውስጥ መውረድ አለ። በፒ ፒ ደሴቶች የሚገኘው ማያ ቤይ ግን ጀልባም ሰውም ስለበዛበት ኮራሉ ተጎድቶ በ2018 ተዘጋ። በ2022 ሲከፈት ጀልባ ወደ ባሕር ሰላጤው እንዳይገባ ተከልክሎ ነው፤ ተሳፋሪ የሚወርደው ከደሴቱ ጀርባ ነው። ትክክለኛ ውሳኔ ይመስለኛል።

የጀልባዋ አፍንጫ ላይ የታሰሩት ባለ ቀለም ጨርቆችና የአበባ ጉንጉኖች ለጌጥ ብቻ አይደሉም። ጀልባን ትጠብቃለች ተብላ ለምትታመነው ለሜ ያ ናንግ የቀረቡ ናቸው፤ ስለዚህ እዚያ ላይ እግር ማሳረፍ ነውር ነው። ቤተ መቅደስ ሲገቡ ደግሞ ጫማ ይወልቃል፣ ትከሻና ጉልበት ይሸፈናል፤ ይህ ለእኛ ሰው አዲስ አይሆንም።

የሞተሩን ጩኸት ግን አላደንቅም። ማርሚታ ያለው አይመስልም፤ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ጆሮውን ቢደፍን ይሻለዋል። ከፊት መቀመጥ ጸጥታ አለው፣ ውኃ ግን ይረጫል። ጀልባዋን ለብቻ የሚከራይ ዋጋውን ሳይሳፈር ይጨርስ፤ የነፍስ አድን ጃኬትም ይጠይቅ። በአንዳማን በኩል ከግንቦት እስከ ጥቅምት ዝናብና ማዕበል ስለሚበረታ፣ ለጉዞው የሚመቹት ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ያሉት ወራት ናቸው።